የበረራ መዘግየትና የሰሜን ተራሮች የእግር ጉዞ፦ ትርፏ ቀን ከፊት ወይስ ከኋላ?

ከአዲስ አበባ ጎንደር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። አጭር ስለሆነ ብዙ ሰው እንደ ታክሲ ጉዞ ይቆጥረዋል። ችግሩ ያለው ከአውሮፕላን ከወረዱ በኋላ በሚመጣው ሰንሰለት ላይ ነው፦ ከአየር ማረፊያው በአዘዞ አድርጎ ጎንደር ከተማ፣ ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ደባርቅ ላይ የፓርኩ ቢሮ፣ ስካውት የሚባለው የፓርክ ጠባቂና በቅሎ፣ ከዚያም የጠጠር መንገድ እስከ መጀመሪያው ካምፕ፣ ሳንቃበር። ሦስት ሰዓት የዘገየ በረራ የፓርኩ ቢሮ ከተዘጋ በኋላ ደባርቅ ካደረሳችሁ፣ የሚበላው ሦስት ሰዓት ሳይሆን አንድ ሙሉ ቀን ነው።

ጉዞ የሚያቅድ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «በአውሮፕላን ወይስ በመኪና?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ቅድሚያ ሊያገኝ የሚገባው ሌላ ነው። ለመዘግየት ብላችሁ የያዛችኋት አንዲት ትርፍ ቀን ከጉዞው በፊት ትቀመጥ ወይስ በኋላ? የቀረው ምርጫ ሁሉ ከዚህ መልስ ይከተላል።

ትርፏ ቀን የት ትቀመጥ?

የተለመደው አሠራር ከፊት ማስቀመጥ ነው። አንድ ቀን ቀድሞ ጎንደር መግባት፣ የፋሲል ግቢንና ደብረ ብርሃን ሥላሴን ማየት፣ በማግስቱ ወደ ደባርቅ መውጣት። ልብ ያሳርፋል፣ የቀረ ሻንጣ ቢኖር ይደርሳል፣ ስንቅም በእርጋታ ይገዛል። ጉዳቱ አንድ ነው፤ ነገር ግን ትልቅ ነው። አውሮፕላኑ በሰዓቱ ከደረሰ ትርፏ ቀን ተበልታ አለቀች። ስትመለሱ በረራው ቢሰረዝ የምትጠጉበት ነገር የለም።

ከኋላ የተቀመጠች ቀን ግን ለሁለቱም አቅጣጫ ታገለግላለች። ወደ ጎንደር ስትመጡ አንድ ቀን ብትዘገዩ ጉዞውን በሙሉ አንድ ቀን ትገፉትና ትርፏን እዚያው ትከፍሏታላችሁ። በሰዓቱ ከደረሳችሁ ደግሞ ቀኗ ሳትነካ የመልሱን በረራ ትጠብቃለች። የመምጫ መዘግየት የሚበላው የእግር ጉዞን ነው፤ የእግር ጉዞ ደግሞ ሊያጥርም ሊገፋም ይችላል። የመመለሻ መዘግየት የሚበላው የውጭ አገር ትኬትን ወይም የሰኞን ሥራ ነው፤ እነዚህ አይለጠጡም። ስለዚህ አንዲት ቀን ብቻ ካላችሁ ከኋላ አስቀምጧት እንላለን። ቦታዋም ጎንደር እንጂ አዲስ አበባ አይደለም የሚል ሰው ቢኖር ግማሽ ትክክል ነው፦ ትርፏ ቀን ጎንደር የምትውል ከሆነ የሚጠብቃችሁ በረራ የማግስቱ ነው፤ የዚያኑ ቀን በረራ ይዛችሁ አዲስ አበባ ብታሳልፏት ግን በረራው ቢሰረዝ የማግስቱ ይተካችኋል። ትኬቱን ለትርፏ ቀን መቁረጥና ቀሪውን ቀን ቦሌ አካባቢ ማሳለፍ ይሻላል። ጎንደርን የማየት ፍላጎት ካለ የከሰዓቱን በረራ በመያዝ ጧቱን መጠቀም ይቻላል።

ከኋላ የማስቀመጡ ስሌት የሚሠራው ግን በአንድ ሁኔታ ነው፦ መኪናው፣ አስጎብኚው፣ አብሳዩና በቅሎዎቹ አንድ ቀን የመገፋት ስምምነት ካላቸው። ያለ ስምምነት ከሆነ ከኋላ ያለችው ቀን በወረቀት ላይ ብቻ ናት። የውሉን ነገር ወደ ታች እንመለስበታለን።

ልዩ ሁኔታም አለ። ከጥር 10 እስከ 12 ባለው ጊዜ፣ ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ፣ ለጥምቀት ጎንደር የሚገባ ሰው ትርፏን ከፊት ማድረግ አለበት፤ በዓሉ አንድ ቀን አይገፋለትምና። በዚያ ሳምንት መቀመጫ ስለሚሞላ የተሰረዘ በረራ ተሳፋሪ በማግስቱ ቦታ ላያገኝ ይችላል። ለጥምቀት የሚመጣና ከዚያ ተራራ የሚወጣ ሰው ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ፣ በድምሩ ሁለት ቀን ቢይዝ አይበዛበትም።

ከባሕር ጠለል አካባቢ፣ ከውጭ አገር በቀጥታ የሚመጣ ሰው ደባርቅ ላይ አንድ ሌሊት ማደር ይኖርበታል። ይህችን ሌሊት እንደ ትርፍ እንዳትቆጥሯት። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ሌሊቷ ለሰውነት ማላመጃ የተከፈለች ናት። በረራ ሲዘገይ መጀመሪያ የምትሰዋው ግን ብዙ ጊዜ እሷ ናት፤ ስህተቱም ከዚህ ይጀምራል።

የሚዘገየው ለምንድን ነው?

ምክንያቱን ማወቅ ሰዓት ለመምረጥ ይረዳል። በአገር ውስጥ መስመሮች ላይ በብዛት የሚሠራው ከ70 እስከ 80 ሰው የሚጭነው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ነው። አንዱ አውሮፕላን በቀን ውስጥ በርካታ ከተሞችን ደርሶ ይመለሳል። ጧት አንድ ቦታ 40 ደቂቃ የቆየ እንደሆነ መዘግየቷ ወደሚቀጥለው በረራ ትተላለፋለች፤ ከሰዓት በኋላ ተደማምራ ሰዓታት ትሆናለች። ጎንደር ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ «በአየር ሁኔታ ምክንያት» ሲባል የሚገርመው ሰው ይህን አያስብም፦ አየሩ የተበላሸው አውሮፕላኑ ቀድሞ በነበረበት ከተማ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ከፍታ ነው። ቦሌ 2,300 ሜትር ላይ፣ የጎንደር አየር ማረፊያም 2,000 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው። አየር በከፍታ ይሳሳል፣ በሙቀት ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል። በቀትር ሙቀት አውሮፕላን የሚነሳበት ክብደት ይገደባል፤ ክብደት ሲገደብ ቀድሞ የሚወርደው ሻንጣ ነው። ሰው በሰዓቱ ደርሶ የድንኳኑና የመኝታ ከረጢቱ ሻንጣ በማግስቱ የሚመጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሦስተኛው ክረምት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና ዝቅ ያለ ደመና ይበዛል፤ አንዳንድ ጧት ደግሞ ቦሌ ላይ ጉም ይተኛል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ሰማዩ ይረጋል፤ በተራራው ላይም ምርጡ ወቅት ይኸው ነው፣ ሌሊቱ ውርጭ ቢሆንም። ለክረምት ጉዞ የትርፍ ቀኑን ቁጥር እጥፍ አድርጉ።

አራተኛውን ምንም ትርፍ ቀን አይሸፍነውም። በ2015 ዓ.ም መጨረሻ፣ በሐምሌና በነሐሴ መገናኛ፣ በክልሉ በተነሳው ግጭት የጎንደር በረራ ለቀናት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ዓይነቱ መቋረጥ ሲመጣ መንገዱም አብሮ ስለሚዘጋ አማራጭ መስመር መፈለግ ትርፉ ድካም ነው። መፍትሔው ገንዘቡ የሚመለስበትን ወይም ቀኑ የሚቀየርበትን ትኬትና ሆቴል መያዝ፣ ከመነሳት በፊት ባለው ሳምንትም ደባርቅና ጎንደር ካለ ሰው ስለ መንገዱ በስልክ መጠየቅ ነው። የኢንተርኔት ወሬ ወይ ያረጀ ነው ወይ የተጋነነ።

በጎንደር፣ በባሕር ዳር ወይስ በመሬት?

በቀጥታ ወደ ጎንደር መብረር ነገሮች ሲሰምሩ ወደር የለውም። ጧት የተነሳ ሰው ማታ ሳንቃበር ካምፕ ሊያድር ይችላል። ድክመቱ የበረራው ቁጥር ውስን መሆኑ ነው፤ አንዱ ሲሰረዝ የሚቀጥለው ብዙ ጊዜ ሞልቶ ይጠብቃል።

ባሕር ዳር ለተጠባባቂነት ጥሩ አማራጭ ናት። ከባሕር ዳር ጎንደር በወረታ፣ በአዲስ ዘመን፣ በእንፍራዝና በማክሰኝት አድርጎ 180 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ነው፤ በደህና ቀን ሦስት ሰዓት ይወስዳል። የጎንደሩ በረራ ሲሰረዝ ቦሌ ካለው የአየር መንገዱ ሠራተኛ ዘንድ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ዛሬ ባሕር ዳር ቦታ አለ ወይ?» ይሁን። «ነገ ጎንደር» የሚለውን ከመቀበላችሁ በፊት ማለት ነው። ይህ የሚያዋጣው ባሕር ዳር እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ድረስ ካረፋችሁ ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ጨለማ መንገድ ላይ ሊይዛችሁ ይችላል። መንገዱ ሰላም መሆኑን ለሾፌሩ ደውላችሁ ሳታረጋግጡ ግን ትኬቱን አታስቀይሩ። አንድ ሻንጣ ጎንደር ሄዶ እናንተ ባሕር ዳር እንዳትወርዱም የሻንጣውን መለያ ወረቀት አስቀይሩ፤ ይህን የሚረሳ ብዙ ነው።

በመሬት ከአዲስ አበባ ጎንደር በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር 730 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በግል መኪና ጧት 11 ሰዓት ተነስቶ ማታ መግባት ይቻላል፤ ግን ጎሐ ጽዮንና ደጀን መካከል ያለውን የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት ብቻውን ሰዓታት ይበላል፣ በማግስቱም ተራራ የሚወጣ ጉልበት አይተርፍም። ባሕር ዳር አድሮ ሁለት ቀን ማድረጉ ልከኛ ነው። ይህ መንገድ በረራ አያዘገየውም፣ ኬላና የመንገድ መዘጋት ግን ያዘገየዋል፤ መዘግየቱም በሰዓት የሚለካ አይደለም። አራት ሆኖ ድንኳን፣ ምጣድና ጋዝ ጭኖ ለሚሄድ፣ ጊዜም ላለው ቡድን መኪና ይሻላል። ስምንት ቀን ፈቃድ ላለው ሠራተኛ ሲሄድ ሁለት፣ ሲመለስ ሁለት ቀን መንገድ ላይ ማሳለፍ ግን አያዋጣውም።

ብንጠየቅ ሲሄዱ በአውሮፕላን፣ ሲመለሱም በአውሮፕላን፣ ባሕር ዳርን በኪስ ይዞ የሚለውን እንመርጣለን።

የጧቱ በረራ ወይስ የከሰዓቱ?

ሲሄዱ ያለ ጥርጥር የጧቱ፣ ከተቻለም የቀኑ መጀመሪያ። አውሮፕላኑ ቦሌ አድሮ ስለሚነሳ የሌላ ከተማ መዘግየት አይሸከምም፤ ቢሰረዝም ለመተካት ቀኑ ገና ነው። ሲመለሱ ግን ነገሩ ይለያል። ጨነቅ ካምፕ ያደረ ሰው ጧት 12 ሰዓት ቢነሳ ደባርቅ 2 ሰዓት ተኩል፣ ጎንደር 5 ሰዓት፣ አየር ማረፊያ ከ6 ሰዓት በፊት ሊደርስ ይችላል። በወረቀት ላይ የ9 ሰዓት ተኩል በረራ ይደረስበታል። ጎማ ከፈነዳ፣ ወይም ዝናብ የጠጠሩን መንገድ ጭቃ ካደረገው ግን አይደረስም፤ ከጨነቅ እስከ ደባርቅ ባለው መንገድ የሚያልፍ መኪና ብዙ አይገኝም። ከተራራ በወረዱበት ቀን መብረር የምንመክረው ለማንም አይደለም። ጎንደር ታድሮ በማግስቱ ጧት ይሂድ።

የማረፊያ ሰዓት የሚወስነው

የመጀመሪያውን ቀን ዕቅድ በቀን ሳይሆን አውሮፕላኑ በሚያርፍበት ሰዓት ወስኑ። ይህን ውሳኔ ቦሌ ላይ ስትጠብቁ ሳይሆን ከቤት ሳትወጡ ለሾፌሩና ለአስጎብኚው ንገሩ።

ከጧቱ 4 ሰዓት በፊት ካረፋችሁ ዕቅዱ እንዳለ ይቀጥላል፤ ከባሕር ጠለል አካባቢ የመጣ ሰው ግን ከላይ እንዳልነው ደባርቅ ይደር። ሻንጣ ለመውሰድ ግማሽ ሰዓት፣ እስከ ደባርቅ ከተማ ውስጥ ቆም ማለትን ጨምሮ ሦስት ሰዓት፤ 7 ሰዓት ተኩል ደባርቅ ናችሁ። የፓርክ ክፍያ፣ የስካውት ምደባና ምሳ አንድ ሰዓት። 10 ሰዓት አካባቢ ሳንቃበር፣ 3,250 ሜትር ላይ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ድንኳን ትተክላላችሁ።

ከ4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ካረፋችሁ ደባርቅ እደሩ። ቢሮው ሊዘጋ ሲል ደርሶ መሯሯጥ ስካውት በማታ ለመፈለግ ያደርሳል። ደባርቅ ማደር ቀን እንደ ማጣት ቢመስልም ለከፍታው ይጠቅማል፤ በማግስቱ ጧት በመኪና እስከ ቡይት ራስ ሄዶ ከዚያ በእግር ሳንቃበር መግባት ይቻላል። የጠፋችሁ የመኪና መንገድ ብቻ ነው።

ከ8 ሰዓት በኋላ ካረፋችሁ ጎንደር እደሩ። በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት የሚያልፈውን መንገድ በጨለማ መንዳት አያስፈልግም፤ ከብትና ጋሪ ያለ መብራት የሚሄድበት ነው። ማታውን ለስንቅ ተጠቀሙበት፤ አትክልቱ ቅዳሜ ገበያ ከሚባለው የጎንደር ገበያ በማግስቱ ጧት ይሸመታል።

አንድ ቀን ከጠፋ የትኛው ካምፕ ይቀነስ?

ትርፍ ቀን ከሌለ፣ ወይም ከኋላ ያለችውን መንካት ካልፈለጋችሁ፣ ከጉዞው አንድ ቀን ይቀነሳል። የተለመደው የአራት ቀን ጉዞ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ ካምፖች ላይ በማደር ነው። ሦስቱ እኩል አይደሉም።

ግጭ 3,600 ሜትር ላይ ነው፤ ከእሜትጎጎ ጫፍ፣ 3,926 ሜትር ላይ፣ የሚታየው ገደል ከፓርኩ ሁሉ የሚበልጥ ነው የሚል ብዙ ነው። ግን መኪና አይደርስበትም። ጨነቅ 3,620 ሜትር ላይ ሆኖ መንገድ ዳር ነው፤ ዋልያን ለማየት የተሻለ ዕድል ያለው እዚያ ነው፣ ጭላዳም አይጠፋም። ስለዚህ ለእንስሳት የመጣ ሰው ግጭን ይተው፤ ሳንቃበር አድሮ በማግስቱ ጨነቅ ይግባ፣ ሦስተኛው ቀን ጧት ዋልያ አይቶ በመኪና ይመለስ። ለገደሉና ለእግር ጉዞው የመጣ ጨነቅን ይተው፤ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ከዚያ እሜትጎጎ ደርሶ ወደ መኪና መንገዱ ወጥቶ መኪናውን ያግኝ። የጅንባር ፏፏቴ በሁለቱም ይገኛል።

ፈጽሞ የማይቀነሰው የመጀመሪያው ሌሊት ነው። የቸኮለ ቡድን ጎንደር አርፎ በዚያው ቀን በመኪና ጨነቅ ሲገባ በአንድ ቀን ከ1,500 ሜትር በላይ ወጣ ማለት ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድሩበት ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ይመከራል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ከመጣ ደግሞ የሚያወርድ መኪና ደባርቅ ነው ያለው። ከሐኪም ጋር ተማክሮ ለከፍታ ሕመም የሚወሰደውን ዳያሞክስ መዋጥ ሊያግዝ ይችላል፤ የተዘለለን ሌሊት ግን አይተካም። የአዲስ አበባ ነዋሪ ቀድሞ የተላመደ ስለሆነ ይቀለዋል፤ ከዋሽንግተን ወይም ከለንደን የመጣው ወንድሙ ግን አብሮት ቢሄድም እኩል አይደለም። ቡድኑ የሚለካው በደካማው ነው።

ራስ ዳሸን ላይ መውጣት ያሰቡ ሰዎች ምርጫቸው ጠባብ ነው። ከጨነቅ የቧሂትን መተላለፊያ፣ 4,200 ሜትር አካባቢ፣ አልፎ አምቢቆ ከገቡ በኋላ ጉዞው መሃሉ ላይ አይቆረጥም፤ ጫፉን ወጥቶ አምቢቆ መመለስ ብቻውን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። ውሳኔው ጨነቅ ላይ ይሁን፦ ጨነቅ ስትደርሱ የቀሯችሁ ቀናት ለዳሸን ከሚያስፈልገው ጋር እኩል ብቻ ከሆኑና ትርፏ ቀን ከተበላች፣ ቧሂትን ወጥታችሁ ተመለሱ። 4,430 ሜትር ነው፣ አያሳፍርም።

ትኬቱ፦ አንድ ላይ ወይስ ለየብቻ?

ከውጭ የሚመጣ ሰው የውጭና የአገር ውስጥ በረራውን በአንድ ቦታ ማስያዣ ከገዛ፣ የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይና ቀጣዩ ቢያመልጠው አየር መንገዱ በሚቀጥለው ያሳፍረዋል። ለየብቻ ከገዛ ሁለተኛው ትኬት «ተሳፋሪው አልቀረበም» ተብሎ ይመዘገባል፤ ኪሳራው የራሱ ነው። ለየብቻ መግዛት አንዳንዴ ይረክሳል። የሚያዋጣው ግን በሁለቱ መካከል አንድ ሌሊት ካለ ብቻ ነው። በአንድ ትኬት ከአውሮፓ ኅብረት አገር ተነስቶ ጎንደር ድረስ የሚበር ሰው ሌላም መብት አለው፦ በአየር መንገዱ ጥፋት ከመጨረሻው መድረሻው ከአራት ሰዓት በላይ ዘግይቶ ከደረሰ፣ ርቀቱ ከ3,500 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ከሆነ 600 ዩሮ ካሳ ሊጠይቅ ይችላል። የአየር ሁኔታ ከሆነ ካሳ የለም።

ደርሶ መልስ የገዛ ሰው አንድ ነገር ይጠንቀቅ። የመሄጃው በረራ ሲዘገይ ተናድዶ በመኪና ከሄደና ለአየር መንገዱ ካላሳወቀ፣ የመልሱ ትኬት አብሮ ሊሰረዝ ይችላል። ከመነሳታችሁ በፊት በስልክ ወይም በቢሮ «መሄጃውን ትቻለሁ፣ መልሱ ይጠበቅልኝ» ብላችሁ መልሳቸውን በጽሑፍ ያዙ። ይህን የሚሸሽ ሁለት የአንድ አቅጣጫ ትኬት ይግዛ።

ትኬቱ ላይ የተመዘገበው ስልክ የማን እንደሆነ እዩ። ትኬቱን የቆረጠላችሁ ወኪል የራሱን ቁጥር አስገብቶ ከሆነ የሰዓት ለውጥ መልእክት የሚደርሰው ለእሱ ነው። ደግሞም ከሳንቃበር በላይ ኔትወርክ አያስተማምንም፤ ጎንደር ያለ አንድ ሰው፣ የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ቢሆን እንኳ፣ የበረራችሁን ቁጥር ይዞ ከመመለሻ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት እንዲከታተልና ለሾፌሩ እንዲነግር አድርጉ። ሾፌሩ ሊወስዳችሁ ሲመጣ ወሬውን ይዞ ይመጣል።

የሰዓቱ ጉዳይ ተደጋጋሚ ወጥመድ ነው። ትኬቱ ላይ 07:00 የሚለው የእኛ ጧት 1 ሰዓት ነው፤ 13:30 ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ነው። ይህን አብዛኛው ሰው ያውቃል። የሚያጠፋው የሌሊቱ ነው፦ በ15ኛው ቀን 00:30 የሚል ትኬት በእኛ አነጋገር የ14ኛው ቀን ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል ነው። ለሾፌር ስትናገሩ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉለት፤ ቀኑንም በስሙ፣ «ማክሰኞ ለረቡዕ ሌሊት» ብላችሁ።

በእጅ የሚያዝ ሻንጣ

ሻንጣችሁ አንድ ቀን ቢዘገይ ጉዞውን መጀመር የሚያስችላችሁ ነገር ከእናንተ ጋር ይሁን። ጫማው በእግር ላይ፤ በእግራችሁ ልክ የተላመደ የተራራ ጫማ በኪራይ አይገኝም። ወፍራም ጃኬት፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ሁለት ካልሲ፣ መድኃኒት፣ የራስ ባትሪና ሰነድ በእጅ ሻንጣ። ድንኳንና የመኝታ ከረጢት ጎንደርም ደባርቅም ኪራይ ስለሚገኝ በታችኛው ሻንጣ ቢሄድ ችግር የለውም። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ 100 ዋት ሰዓት፣ ማለትም 27,000 ሚሊ አምፒር ገደማ፣ ገደቡ ነው። የምግብ ማብሰያ ጋዝ በእጅም በሻንጣም አይፈቀድም። የመራመጃ ዘንግና ቢላዋ በታችኛው ሻንጣ ይግቡ።

ከአስጎብኚና ከባለ በቅሎ ጋር ያለ ውል

ከኋላ የተቀመጠችውን ቀን ሥራ ላይ የሚያውላት ይህ ነው። ሳንቃበር ለሚነሳ ጉዞ በቅሎዎቹ ከደባርቅ ቀድመው ይወጣሉ፤ እናንተ ቦሌ ስትጠብቁ እነሱ እዚያ ናቸው። ሂሳባቸው በቀን ስለሆነ የጠበቁበት ይከፈላል፤ ተገቢም ነው፣ በቅሎው የዚያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራም። የሚያጣላው ስንት የሚለው ነው። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አራት ነገር በጽሑፍ፣ በቴሌግራምም ቢሆን፣ ተስማሙ፦ በቅሎዎቹ ከደባርቅ የሚነሱት አውሮፕላኑ ማረፉን ስትደውሉ ይሁን ወይስ ቀድሞ፤ የመጠበቂያ ቀን ሙሉ ነው ወይስ ግማሽ፤ መኪናው ቢመለስ የነዳጁ ወጪ በማን ላይ ነው፤ አንድ ቀን ቢገፋ አስጎብኚውና አብሳዩ በሚቀጥለው ቀን ሌላ እንግዳ የያዙ እንደሆነ ማን ይተካል። የመጀመሪያውን «ከደወልን በኋላ» ካላችሁት የመጠበቂያ ክፍያው በጣም ይቀንሳል፤ ዋጋው ግን የመጀመሪያውን ሌሊት ደባርቅ ማደር ነው። ከላይ እንዳልነው ይህ ለሰውነትም ይበጃል።

አብሳዩ ሥጋና ቲማቲም የሚገዛው እናንተ ጎንደር ካረፋችሁ በኋላ እንዲሆን ንገሩት። ደረቁን፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ምስርና ሽሮ፣ ቀድሞ ይግዛ። ጉዞው አንድ ቀን ተገፍቶ ረቡዕና ዓርብ ላይ ካረፈ ስካውቱና ባለ በቅሎዎቹ ጾመኞች ሊሆኑ ስለሚችሉ የጾም ስንቅ ይጨመር፤ አንድ ኪሎ ተጨማሪ ሽሮ ብዙ ጭንቀት ያስቀራል።

ትርፏ ቀን ሳትነካ ከተመለሳችሁና ጎንደር ልታውሏት ከመረጣችሁ የሚታይ አይጠፋም። የፋሲል መዋኛና ቁስቋም በግማሽ ቀን ይጎበኛሉ፤ ኮሶዬ ደግሞ በደባርቅ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ስትወርዱ ቆም ብላችሁ ቡና የምትጠጡበት ነው። በዚያች ቀን ግን ከጎንደር ርቃችሁ ጎርጎራ ድረስ አትሂዱ፤ የነገው በረራ ሰዓቱ ቀደም ሊልም ይችላል፣ እንዲህ ያለውን ለውጥ የሚያበስረው መልእክት የሚመጣው ማታ ነው።